በካልሲ የሚወርደው ቁልፍ

ባለሙያው የታችኛውን በር ካሜራና የኤሌክትሪክ መክፈቻ ገጥሞ ጨረሰ። «በቃ ዶኛ ሬሚሂያ፣ ሰው ሲመጣ ይቺን መጫን ነው። በረንዳ ወጥተው ቁልፍ በካልሲ መወርወር ቀረልዎት» አላቸው። አሮጊቷ ሬሚሂያ ካልሲውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

ደወሉ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ አሳ ሻጩ ካሲያኖ ታየ፤ በዚያ በካርታሄና ከተማ ፀሐይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ሁልጊዜው ቁልፉን ሊቀልብበት ዘርግቶ፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ አንጋጧል። ሬሚሂያ እያመነቱ መክፈቻውን ተጫኑ። በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

ካሲያኖ የተከፈተውን በር አየ፤ ቀና ብሎ ባዶውን በረንዳ አየ። ከዚያ በሩን በክርኑ ቀስ አድርጎ ዘጋውና ባርኔጣውን እንደገና ዘረጋ።

«አልሠራም እንዴ?» አለ ባለሙያው ደንገጥ ብሎ።

«ማሽንህ ደህና ነው፣ ልጄ» አሉት። ጸጉራቸውን በመዳፋቸው አስተካክለው፣ ካልሲውን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ።