የበያጁ ሳህን

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ዓለም ላይ የምታምነው ሁለት ነገር ነበር፤ መቀሷንና ድመቷን። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው በያጅ ግን ከገባበት ቀን ጀምሮ ዓይኑ አላማራትም።

ድመቱ ጌታው ይባላል። ስሙን ያገኘው በጠባዩ ነው። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ያለችውን የደንበኛ ወንበር ይዞ ይተኛል፤ ደንበኛው ይቁም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትበላውን ይበላል፣ የምትተኛበት ይተኛል። ለሰው ሁሉ "እኔና እሱ ያለንን እኩል ነው የምንካፈለው" ትላለች፣ ሰውም ይስቃል።

በያጁ ደግሞ እርግብ ያረባል። በቅርቡ አንዲት ነጭ እርግብ ጠፋችበት። ላባዋ የተገኘው በልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ነበር።

"እትዬ፣ ይሄን ጌታዎን ይሰብስቡት" አላት ድምፁን ሳያነሳ። "አንድ ቀን የሆነ ነገር ይሆናል።"

"የሆነ ነገር" ያላት ከጆሮዋ አልወጣም። ቢቆጣ፣ ቢሳደብ ይሻላት ነበር።

ሰውዬው ለራሱ ነፍስ እንኳ አይጠነቀቅም። ወገቡን ባመመው ቁጥር የህመም ማስታገሻ ኪኒን ሁለት ሁለቱን ወደ አፉ ወርውሮ ያለ ውኃ ይውጣል። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል አየችው፤ ዝም ማለት አልቻለችም።

"ጉበትህን ልትጨርሰው ነው? መጠን አለው እኮ። የጉንፋን ዱቄት ከጠጣህበት ደግሞ እሱም ውስጥ ያው መድኃኒት ነው ያለው፤ ፋርማሲስቷ ነግራኛለች። እኔ ግማሽ ብቻ ነው የምውጠው።"

"ግማሽ?" ብሎ ሳቀ። "እኔ እንኳን ዛሬ፣ በልጅነቴም ኪኒን ተሰብሮልኝ አያውቅም።"

እሷ አልሳቀችም።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ጌታው አንድ እግሩን እያነከሰ ገባ። ነካ ስታደርገው ጮኸ። ድንጋይ ነው አለች። የማን ድንጋይ እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የራሷም ጉልበት ቀኑን ሙሉ ሲወጋት ነው የዋለው። ኪኒኗን እንደ ልማዷ በመቀስ ለሁለት ከፈለች፣ ድርሻዋን በውኃ ዋጠች፣ ወተት አሙቃ ለጌታው አቀረበችለት። ልሶ እስኪጨርስ ጀርባውን አሻሸችው። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ቀለል አላቸውና ጎን ለጎን ተኙ።

ሲነጋ የጌታው ፊት አብጧል። ቁና ቁና ይተነፍሳል። ድዱ የጭቃ ቀለም ይዟል። ስሙን ስትጠራው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

እንደ ነገሩ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ስትወጣ አጥሩ ሥር ሳህን አየች። በሳህኑ ላይ የተጋጠ የዓሣ ጭንቅላት አለ። ሳህኑ የበያጁ ነው፤ ጠርዙን የብየዳ ፍንጣሪ ቦታ ቦታ አቃጥሎታል።

እዚያው ቆማ ለሁለቱም ቤቶች አከራይ ደወለች። "ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ። ከመርዘኛ ጋር አጥር አልጋራም።" አከራዩ የቆየች ተከራዩን ማጣት አልፈለገም። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ አላት።

ከዚያ ጌታውን ታቅፋ የበያጁን በር ደበደበች።

"ምን አበላኸው?"

በያጁ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ዓሣ ነዋ፣ እትዬ። ከጠገበ እርግቦቼን አይነካም ብዬ አልፎ አልፎ አስቀምጥለታለሁ። ምነው?"

ድመቱን ልብ ብሎ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ወዲያው የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ንጹሕ ሰው እንዲህ አይደነግጥም አለች በልቧ። ሳህኑንም በፌስታል ጠቅልላ ያዘች፤ ማስረጃ ነው።

መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ። በያጁ አዳመጠ፣ "እሺ" አለ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ቤቱን ልቀቅ ተብያለሁ፣ እትዬ" አላት ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "እርግቦቹስ ይበራሉ። ልጆቼን የት አባቴ ላድርጋቸው?"

"ቀድሞ ነበር ማሰብ" አለችው፣ ጌታውን ጠበቅ አድርጋ እንደያዘች።

የእንስሳት ሐኪሟ የድመቱን ከንፈር ገልጣ አየች። ልብስ ሰፊዋ የዘረጋችላትን ሳህን ግን ዞር ብላም አላየችው።

"የአይጥ መርዝ አይደለም" አለች። "ድዱ እንዲህ የሚሆነው የሰው የህመምና የትኩሳት ኪኒን ሲገባበት ነው። ለእኛ በመጠኑ ከወሰድነው መድኃኒት ነው። የድመት ጉበት ግን አይችለውም፣ ጥቂቱም ይገድለዋል። ማርከሻ አለኝ፤ ሊተርፍ ይችላል። ብቻ መቼና ምን ያህል እንደወሰደ እውነቱን ልወቅ። ይሄን ኪኒን የሚውጥ ሰው አጠገቡ አለ?"

የልብስ ሰፊዋ ጣት ከአፏ ቀደመ። በያጁ ላይ ተቀሰረ።

"እሱ ነዋ። እንደ ከረሜላ ነው የሚቅመው።"

በያጁ አንገቱን ደፋ። "መዋጡንስ እውጣለሁ" አለ ቀስ ብሎ።

"ከምልክቱ ስገምት ማታ ሳይሆን አይቀርም የተሰጠው" አለች ሐኪሟ መርፌዋን እያዘጋጀች። "ደግሞ ሙሉውን አይደለም፤ ሙሉ ቢሆን እዚህ ድረስ አታደርሱትም ነበር። ግማሽ ኪኒን ቢሆን ነው።"

የልብስ ሰፊዋ ጣት እንደተቀሰረ ቀረ።

በያጁ በሕይወቱ ኪኒን ሰብሮ አያውቅም።