ቢጫውን መስመር የተሻገረ ምርቃት

ትርሲት የታሸገውን ነጭ ልብስ ለብሳ ዋሻው በር ላይ ቆማለች። በሩ የሚከፈተው በዓመት አንዴ ነው፤ ዛሬ የገባ የሚወጣው ለከርሞ ነው፤ ሊዘጋም ትንሽ ቀርቶታል። ተራራው ሆድ ውስጥ ያለው መሣሪያ ከዓለም መፈጠር የተረፉትን ኒውትሪኖ የሚባሉ ረቂቅ ቅንጣቶች ይፈልጋል። ምልክታቸው ከመድከሙ የተነሳ የሰው ገላ የሚያወጣው ኢምንት ጨረር እንኳ ይውጠዋል። ልብሱ የትርሲትን ጨረር ያፍናል፤ ከላዩ ግን ከሰው የወጣ ምንም ነገር ሊነካው አይገባም። ቤተሰብም ከቢጫው መስመር ወዲያ ቆሞ ይሰናበታል። ይህን ለአንድ አባት ማስረዳት ቀላል አይደለም።

አባቷ አቶ ጓንጉል መስመሩ ጫፍ ላይ ቆመው ይመርቃሉ። በሽታው ጠንቶባቸዋል፤ ለከርሞ እንደማይደርሱ ሁለቱም ያውቃሉ።

«በሰላም ተመለሺ! የፈለግሽውን አግኚ! ክፉ አይይሽ!»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው፣ «እንትፍ! እንትፍ!» አሉ።

አንዲት ጠብታ የትርሲት ፊት መሸፈኛ ላይ አረፈች። የበሩ መብራት ቀይ ሆነ።

«ኧረ አባቴ፣ ምን አደረጉ!» አለች የበሩ ጠባቂ። ለትርሲት እርጥብ ጨርቅ ወረወረችላት። «ጥረጊው! በሩ እየተዘጋ ነው!»

አቶ ጓንጉል እጃቸውን እንደዘረጉ ልጃቸው አሜን እስክትል ይጠብቃሉ። ጨርቁን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ምርቃት ይጠረጋል እንዴ?»

ትርሲት ዓይኗን ጨፍና ጠረገችው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሮጣ ገባች፤ በሩም ከኋላዋ ግጥም አለ።

ያኔ ዞራ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደገፈች።

«አሜን፣ አባዬ» አለችው፣ በሩን።