የሁመድ ሚስማር

ከጅቡቲ ወደብ ርቆ፣ ነፋስና አሸዋ ብቻ በሚውሉበት የባሕር ዳርቻ የቆመችው ትንሽ ሆቴል አንዲት እንግዳ ብቻ ነበረቻት። ሴትዮዋ ሦስት ቀን ሙሉ ባሕሩን ስታይ ዋለች። በአራተኛው ጠዋት ሻይ ልትጠጣ ስትገባ፣ ግድግዳው ላይ ከተመታ ሚስማር የተንጠለጠሉ ብዙ ማተቦች አየች።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆች ነው፣ እኅቴ» አሉ ባለሆቴሉ ሁመድ። «እዚያ ክርስቲያንነታቸው እንዳይታወቅ አውልቀው ይሄዳሉ። ስንመለስ እንወስዳለን ብለው አደራ ሰጥተውኛል።»

አንድ በአንድ አገላበጠች። ጫፉ የተሸረፈ የእንጨት መስቀል ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ክሩን ገምዳ ያሰረችለት ራሷ ነበረች፤ ድምፁ ከጠፋ ዓመት ላለፈው ልጇ።

«ውሰጂው» አሏት ሁመድ ቀስ ብለው።

«አይ፣ አደራ የሚመለሰው ለባለቤቱ ነው።»

ከዚያ የራሷን ማተብ ፈታችና ከልጇ ጎን ሰቀለችው።

«የነገው ጀልባ በስንት ሰዓት ነው?»