ባለ ሃያ አምፔሩ

ሚስቱ በረንዳ ላይ በስልክ ስታወራ «ሱሬ፣ እሱ ግን እንዳያውቅ» ስትል ከሰማ ጀምሮ ቅናት ይዞታል። ቁጥሩን ከስልኳ ሰርቆ ቢያጣራ፣ ሱራፌል የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጭ ሆኖ ተገኘ። ሰበብ አላጣም፤ የሞዴል አውሮፕላኑን ባትሪ የሚሞላበት ቻርጀር ኃይል የሚሰጡትን ሁለት ባለ አምስት አምፔር ፓወር ሰፕላዮች ከአቅማቸው በላይ እየሳበ አቃጥሎበታል። ጠዋት «ሦስተኛውን ከሱራፌል ሱቅ ልገዛ ነው» ብሏት ወጣ።

ሱራፌል መልከ መልካም ነበር። ይህ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበው።

«ለአውሮፕላን ባትሪ ቻርጀር የሚሆን አምስት አምፔር ፓወር ሰፕላይ፤ ምክር አልፈልግም» አለ ኮስተር ብሎ።

«አለ። ግን የገባቸው ደንበኞቼ ለእንዲህ ያለው ቻርጀር ባለ ሃያውን ነው የሚመርጡት።»

በዚህ ሰው ፊት አላዋቂ መምሰሉ ሞት መሰለው።

«እኔስ መቼ ጠፋኝ? ባለ ሃያውን አምጣ።»

«እንደ እርስዎ የሚያውቅ ሲመጣ ደስ ይላል» ብሎ ሱራፌል ወደ ውስጥ ገባ።

ባንኮኒው ላይ የተወው ስልክ በራ። የገዛ ሚስቱ ቁጥር ነው፤ መልእክቱን አነበበው።

«ሱሬ፣ መጣ? አምስት ካልሆነ ብሎ ድርቅ ይልብሃል። ባለ ሃያውን ስጠው፤ ግን አደራህን፣ ራሱ የመረጠው ይምሰለው።»