የእሑድ ምርቃት

አቶ ደባልቄ ካንሰር እንደያዛቸው ለልጃቸው ለዝናሽ አልነገሯትም። የሚውጡት፣ ዕጢውን ለይቶ የሚገድለው አዲሱ ኪኒን በምራቅ ይወጣል፤ ጽንስም ይጎዳል። ስለዚህ ኪኒኑን የሚውጥ ሁሉ አፉን ሸፍኖ እንዲኖር ሕግ ወጥቷል። እሳቸው ግን ልጃቸው ስትመጣ ጭምብሉን ያወልቃሉ። እሑድ እሑድ ከፊታቸው ስትንበረከክ፣ እንደ ወጉ ፊቷ ላይ እትፍ እትፍ እያሉ ይመርቋታል።

ዛሬም ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ዛሬስ ሁለታችንን ይመርቁን። አራተኛ ወሬን ይዣለሁ።»

«እስከ ዛሬ ምነው ደበቅሽኝ?»

«ሳይጠና አይወራም የሚሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለች እየሣቀች።

ኪኒኑን ከጀመሩ ዘጠነኛ እሑዳቸው ነው። አፋቸውን የሞላውን ምራቅ ዋጡት።

«ኧረ ቶሎ ይበሉ፣ ጉልበቴን አመመኝ።»

«ተነሺ ልጄ» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፤ «ከእንግዲህ አትጠጊኝ።»