የአሰልጣኙ ፍሬን

«የሚያዳልጥ መንገድ ላይ ፍሬን እየረገጡ መልቀቅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ይሄንን ነው» ይላሉ የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኙ ጋሽ ዘርጋው።

«እሱ ለድሮ መኪና ነው፤ ይቺ ጎማዋ እንዳይቆለፍ ራሷ እየያዘች ትለቃለች። እስከ መጨረሻው ረግጦ መያዝ ብቻ ነው» ትላለች መሪውን የያዘችው ተማሪያቸው፤ ፍንክች የለም።

የሐምሌ በረዶ ባነጣው ቁልቁለት ላይ አህያ ድንገት ገባችባቸው።

«እየረገጥሽ ልቀቂ!» ጮኹ።

አልለቀቀችም። ፔዳሉ እግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ መሪውን ጠምዘዝ አድርጋ አህያዋን ለጥቂት አለፈቻትና ቆመች።

«አንቺ ደረቅ! ነገ ለፈተና አላቀርብሽም!»

ጎንበስ ብላ አየች። በእሳቸው በኩል ያለው የአሰልጣኝ ፍሬን በጫማቸው ተረግጦ ወለሉ ላይ ተጣብቋል።

«እሺ ጋሼ» አለች፤ «መጀመሪያ እርስዎ ይልቀቁ።»