የጨሞጋ ገደል ድምፅ

እስከ ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ኅዳር ድረስ፣ ከጨሞጋ ገደል አፋፍ የተጠራ ስም ከማዶው አለት ነጥሮ የሚመለሰው በሦስት ሴኮንድ ነበር። መምህር ይርዳው ሚስቱን ይመኙሻልን ወደዚያ የወሰዳት ይህንኑ ሊያሳያት ነው። ልጃቸውን እንዳላማውን በክረምት ወንዙ ወስዶት አስከሬኑ አልተገኘም። እሷ ግን «ስጠራው ይመልስልኛል፤ ላለ ሰው ተዝካር አላወጣም» ብላ እምቢ አለች።

«ገደል ማሚቶ ነው» አላት። «ፈረንጆች በራዳር ወደ አጥቢያ ኮከብ ሞገድ ልከው፣ ነጥሮ ሲመለስ ቢለኩት፣ ኮከቡ ቀስ እያለ ወደ ኋላ እንደሚሽከረከር አወቁ። ከድንጋይ የሚመለስ ነገር አይዋሽም።»

«የሰማይ ድንጋይ አምነህ የገዛ ልጅህን ድምፅ ትክዳለህ?»

ሰዓቱን ያዘ። «በይ ጥሪው።»

«እንዳላማው!»

በሦስት ሴኮንድ ተመለሰ።

«አየሽ? አለቱ ካለበት አይነቃነቅም። ቶሎ ቢመጣ ኖሮ የመለሰው ነገር ቀርቧል ማለት ነበር።»

ደግማ ጠራችው። በሁለት ሴኮንድ ተመለሰ። ይርዳው ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠጋ፤ አልቆመም፣ በደንብ ይመታል።

«ቀረበ በላ» አለች ይመኙሻል። «ያንተው ራዳር አይደል የሚለው?»

«ተይ፣ አትጥሪው።»

ጠራችው።

በአንድ ሴኮንድ ተመለሰ።